የአራት ዓመቱ ልጄ ይዋሻል፣ አባቱ ቀበቶ አነሳ፣ እኔ መሀል ላይ ነኝ

ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋናውን ብቻ አሳጥሬ ላስቀምጥ፦

«ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት ዓመት ተኩል። ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ትንሹ ልጄ በቅርብ መዋሸት ጀመረ። ስኳር በልቶ አፉ ላይ እያለ አልበላሁም ይላል፣ ትምህርት ቤት አንበሳ መጣ ብሎ ያወራል። እህቱ በዚህ እድሜዋ እንዲህ አልነበረችም። ባለፈው የአባቱን ሞባይል ውሃ ባልዲ ውስጥ ከተተና አባቱ ማነው ሲል መጀመሪያ እኔ አይደለሁም፣ ከዛ እህቴ ናት፣ ከዛ ድመት ናት አለ። አባቱ በቀበቶ ገረፈው። ከዛ ወዲህ ጭራሽ ሁሉንም ነገር መካድ ጀመረ፣ ትቶት የነበረው ሌሊት መሽናትም ተመለሰበት። እኔ ሲመታ ማየት ስለማልችል የሆነ ነገር ሲያጠፋ ለአባትህ እንዳትነግር እለዋለሁ። ባለቤቴ ይሄን ሰማና ‹ሁለታችሁ ተማክራችሁ ነው የምታታልሉኝ› ብሎ አኮረፈ፣ አሁን የምንነጋገረው በልጅቷ በኩል ነው። አማቴ በእንቁላሉ ጊዜ ካልተቀጣ በኋላ ታለቅሺያለሽ ይሉኛል፣ ደሞ ብቻውን ስለሚያወራ ጠበል ውሰጂው ብለዋል። ስስታምም ሆኗል፣ ሚሪንዳ ስቀዳላቸው የእህቴ በዛ ብሎ ያለቅሳል። ልጄ ሌባ ሊሆን ነው? ባሌ ነው ልክ ወይስ እኔ?»

እህቴ ሰላም ላንቺ። ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቅሽን ልመልስልሽ፣ ልጅሽ ሌባ እየሆነ አይደለም። አራት ዓመት ተኩል ላይ ያለ ልጅ «እኔ አይደለሁም» ማለቱ ጭንቅላቱ በዚህ እድሜ መሥራት ያለበትን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ነው የሚያሳየው፣ ይሄን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ ብዙ የተጠና ነገር ስለሆነ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከቀበቶው በኋላ የመጣው ነገር ነው፣ እሱ ደሞ ልጁ ላይ ብቻ ያለ አይደለም፣ ባንቺና በባለቤትሽ መሀልም ያለ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ልጅ ለመዋሸት ምን ማወቅ እንዳለበት እስቲ ቁጭ ብለሽ አስቢው። በመጀመሪያ «እኔ የማውቀውን ነገር እማዬ ላታውቀው ትችላለች» የሚለው ሊገባው ይገባል። ለኛ ለትልልቆቹ ይሄ ምንም አይመስለንም፣ ትንሽ ልጅ ጋር ግን ገና የለም። የሁለት ዓመት ልጅ ኩኩሉ ሲጫወት አይተሽ ይሆናል፣ መሀል ሳሎን ቆሞ አይኑን በእጁ ይሸፍንና የተደበቀ ይመስለዋል፣ እሱ ስላላየሽ አንቺም የማታዪው ይመስለዋል፣ ወይ መጋረጃ ጀርባ ይገባና «የት ሄደ ይሄ ልጅ» ስትዪ «እዚህ ነኝ!» ብሎ ራሱ ይወጣል። እንደዚህ ያለ ልጅ አስቦበት ሊያታልልሽ አይችልም። የሚደብቅበት ቦታ የለውማ፣ የሱ ሀሳብና ያንቺ ሀሳብ ለሱ ገና አልተለያዩም።

ይሄ የሚለወጠው ብዙ ልጆች ላይ አራት ዓመት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር የሚባሉ ሁለት የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ለልጆች አንድ አጭር ታሪክ እያሳዩ ጠየቋቸው። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ሊጫወት ይወጣል፣ እሱ በሌለበት እናቱ ቸኮሌቱን ወደ ሌላ ቁም ሳጥን ታዛውረዋለች፣ ማክሲ ሲመለስ ቸኮሌቱን የት ይፈልጋል? የሦስት ዓመት ልጆች የሚያሳዩት ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ቦታ ነው። ማክሲ ያላየውን ነገር አያውቅም የሚለው አይታያቸውም፣ እነሱ ካወቁ ሁሉም ሰው ያወቀ ነው የሚመስላቸው። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ቀስ በቀስ «መጀመሪያ ያስቀመጠበት ነው የሚሄደው» ማለት ይጀምራሉ። ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከእውነታው የተለየ፣ የተሳሳተ ነገርም ሊኖር እንደሚችል ገባቸው ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ራስሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ባዶ የኮልጌት ካርቶን ውስጥ ማንኪያ ክተቺና ልጅሽን «ምን አለበት?» በዪው፣ ኮልጌት ይልሻል። ከፍተሽ ማንኪያውን አሳዪው፣ ዝጊውና «አሁን አክስትህ ብትመጣ፣ ሳትከፍተው ብጠይቃት፣ ምን አለበት የምትል ይመስልሃል?» ብለሽ ጠይቂው። የሦስት ዓመት ልጅ «ማንኪያ» ነው የሚለው፣ ይባስ ብሎ «አንተስ ቅድም ምን መስሎህ ነበር?» ስትዪውም «ማንኪያ» ይልሻል። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት የራሱ ጭንቅላት ውስጥ የነበረውን የተሳሳተ ሀሳብ እንኳን መልሶ ማየት አልቻለም። ያንቺ ልጅ «ኮልጌት ትላለች» ካለሽ ግን ደስ ይበልሽ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ያልነበረው ነገር አሁን አለው። ትልቅ ሆኖ ሰው ሲያዝን የሚገባው፣ ጓደኛው የተቸገረውን ሳይነገረው የሚያውቅ፣ ለታመመ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው የሚሆነው በዚችው ችሎታ ነው። ውሸትም በዚሁ በር ነው የሚገባው። ቻይና ውስጥ ተመራማሪዎች ገና መዋሸት ያልጀመሩ የሦስት ዓመት ልጆችን ወስደው ስለ ሰው ሀሳብ፣ ማን ምን ያውቃል ማን ምን አያውቅም የሚለውን ለጥቂት ቀናት አስተማሯቸው፣ ከዛ ማታለል በሚጠይቅ ጨዋታ ላይ ልጆቹ ማታለል ጀመሩ። ውሸት ማንም አላስተማራቸውም፣ የሰው ሀሳብ ነው የተማሩት።

ደሞ ስኳሩን አስቢው። አፉ ላይ ስኳር እያለ አልበላሁም የሚል ልጅ ችሎታው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። «እማዬ ስበላ አላየችኝም» እስከሚለው ደርሷል፣ «አፌን አይታ ታውቃለች» የሚለው ላይ አልደረሰም። እህቱ በሱ እድሜ እንዲህ አልነበረችም ላልሽው፣ እሷ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ብቻዋን ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነው ያደገችው፣ እሱ ግን ከተወለደ ጀምሮ ከጎኑ ሌላ ልጅ አለች፣ ይቀማታል፣ ትቀማዋለች፣ ይሸውዳታል፣ ትሸውደዋለች። ፐርነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት ወንድም እህት ያላቸው ልጆች እንደ ማክሲ ያለውን ጥያቄ ቶሎ ይመልሱታል። የአንበሳውን ነገር ደሞ ከውሸት አትቁጠሪው በናትሽ። ማንንም ለመሸወድ አይደለም፣ ጨዋታ ነው፣ «ወይ ጉድ፣ ከዛስ አንበሳው ምን አለ?» በዪውና አብረሽው ሂጂ።

ስስታም ሆነ ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልጅ በከንቱ ስም ከሚወጣለት ነገር አንዱ ይሄ ነው። ዣን ፒያጄ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1896 የተወለደ የስዊዘርላንድ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የሚሰጥ የማሰብ ችሎታ ፈተና እያዘጋጀ ሲሠራ ትኩረቱን የሳበው ልጆቹ ያገኙት ነጥብ አልነበረም፣ ተመሳሳይ እድሜ ያላቸው ልጆች ተመሳሳይ ዓይነት ስህተት መሳሳታቸው ነው የገረመው። ስህተታቸው ስርዓት ካለው የራሳቸው የሆነ አስተሳሰብ አላቸው ማለት ነው ብሎ ቀሪ እድሜውን ሙሉ በዚህ ላይ ሠራ፣ ሦስቱን የራሱን ልጆች ሳይቀር ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ተከታትሎ ጽፏል። ታዋቂው ሙከራው ቤትሽ ያለው ነው። ሁለት እኩል ብርጭቆ ላይ እኩል ውሃ ይቀዳል፣ ልጁ እኩል ነው ይላል፣ ከዛ እዛው ፊቱ አንዱ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ይገለበጣል፣ ልጁ አሁን ረጅሙ በዛ ይላል። ብዙ ልጅ እስከ ስድስት ሰባት ዓመቱ እንዲህ ነው የሚያየው፣ ከፍታውን ያያል፣ ስፋቱን አብሮ ማስላት አይችልም፣ ወደኋላ መልሰን ብንገለብጠው እኩል ይሆናል የሚለውም አይመጣለትም። ስለዚህ ልጅሽ «የእህቴ በዛ» ሲል ከልቡ ነው የሚያለቅሰው፣ በአይኑ በዝቶ ታይቶታል። አንድ ዓይነት ብርጭቆ ግዢላቸው፣ በቃ። እንጀራም ላይ ያው ነው፣ የሱን አንዱን ቁራሽ ለሁለት ብትቆርጪለት ሁለት ስለሆነ በዛልኝ ብሎ ዝም ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፒያጄ ሁሉንም ልክ አልነበረም። ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ማርጋሬት ዶናልድሰን ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ሙከራውን ትንሽ ለወጠችው፣ በአንዱ ሙከራ ሁለት እኩል ረድፍ ከደረደሩ በኋላ ረድፉን የሚያበላሸው ትልቁ ሰው መሆኑ ቀረና አንድ ረባሽ የድብ አሻንጉሊት ከሳጥኑ ወጥቶ እንዲረብሸው አደረጉ፣ እንዲህ ሲሆን በጣም ብዙ ልጆች በትክክል «እኩል ነው» አሉ። ለምን መሰለሽ፣ ትልቅ ሰው ፊታቸው አንድ ነገር ነክቶ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ሲጠይቃቸው ልጆች «የቅድሙ መልሴ ልክ አልነበረም ማለት ነው፣ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው» ብለው ነው የሚገምቱት። አሁን የሞባይሉን ቀን መልሰሽ አስታውሺ። አባቱ ማነው አለ፣ እኔ አይደለሁም አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ማነው አለ፣ እህቴ ናት አለ። አሁንም ማነው አለ፣ ድመት ናት አለ። አባቱ ሦስት ውሸት ነው የቆጠረው። እኔ ከደብዳቤሽ የማየው አንድ የፈራ ልጅ አባቱን የሚያስደስት መልስ ፍለጋ እየዞረ እንደነበር ነው።

ከፒያጄ ሥራ ለናንተ ቤት ዋናው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በወጣው ስለ ልጆች የሥነ ምግባር አስተሳሰብ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ለልጆች ሁለት ታሪክ ይነግራል። አንዱ ልጅ ለምግብ ተጠርቶ በር ሲከፍት ከበሩ ጀርባ ትሪ ላይ የነበሩ 15 ስኒዎች ተሰበሩ፣ እዛ መኖራቸውን አያውቅም ነበር። ሌላኛው ልጅ እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊሰርቅ ቁም ሳጥን ላይ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ሰበረ። የቱ ነው ጥፋተኛው? ትንንሾቹ «15 የሰበረው» አሉ። ከፍ ያሉት ናቸው «እሱ አላወቀም፣ ሌላው ግን ሊሰርቅ ነበር» ማለት የጀመሩት። ትንሽ ልጅ ጥፋትን የሚመዝነው በደረሰው ጉዳት ብዛት ነው፣ ሀሳቡን ማየት በኋላ ነው የሚመጣው፣ እሱም ትልልቆቹ ካሳዩት።

እና ቤታችሁ ውስጥ ጥፋት በምንድነው የሚመዘነው? ስኳር ሰርቆ፣ አስቦበት አልበላሁም ሲል የመታው አለ? የለም፣ ከጻፍሽው እንደሚታየኝ ስቃችሁ ነው ያለፋችሁት። ሞባይሉን ግን ሊያጥብለት ይሁን ሊጫወትበት፣ ተንኮል ሳያስብ ውሃ ውስጥ ከተተው፣ በቀበቶ ተገረፈ። ልጁ ከዚህ ምን ይማራል? ውሸት መጥፎ ነው የሚለውን አይደለም የሚማረው፣ ውድ ነገር ማበላሸት ያስገርፋል፣ ርካሹ ግን ችግር የለውም የሚለውን ነው። ከዛች አስተሳሰብ በሁለት ሦስት ዓመት መውጣት ያለበትን ልጅ እኛው በዋጋ እየቀጣን እዛው እናቆየዋለን። ሞባይል መግዛት ስንት ድካም እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሌሊት ሌሊት መንገድ ላይ ያደረ ሰው ላቡ ነው፣ የባለቤትሽ ንዴት ይገባኛል። ግን ንዴቱ የሞባይሉ ነው፣ ስሙን ግን የውሸት ብሎታል።

ብቻውን ያወራል ስላልሽው፣ ዝርዝሩ ላይ የጻፍሽውን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ። የአባቱን ነገር እያየ «አይነካም፣ አይነካም፣ የአባዬ ነው» ይላል፣ ከዛ ይነካዋል ብለሻል። ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባል፣ ከፒያጄ ጋር በአንድ ዓመት አሁን ቤላሩስ በምትባለው አገር የተወለደ፣ በሳንባ ነቀርሳ ገና በ37 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1934 የሞተ ተመራማሪ በትክክል ይሄን ነው ያጠናው። ፒያጄ ልጅ ለራሱ የሚያወራው ሌላ ሰው እንደሚሰማው ስለማያስብ ነው፣ ሲያድግ ይጠፋል ይል ነበር። ቪጎትስኪ ደሞ አይጠፋም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው አለ፣ እኛ ትልልቆቹ በሆዳችን የምናወራው ያው እሱ ነው፣ ልጆቹ የሚሠሩት ነገር ሲከብዳቸው ለራሳቸው የሚያወሩት እንደሚጨምርም በሙከራ አሳየ። ስለዚህ ልጅሽ «አይነካም» ሲል የማንን ድምፅ ነው የሚያሰማው? ያንቺንና የአባቱን። ትዕዛዛችሁን ወስዶ ለራሱ እያዘዘ ነው፣ እጁ ገና አልታዘዘለትም እንጂ። ጠበሉ የእምነታችሁ ነው፣ ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ግን የሆነ ነገር ስላለበት ነው ተብሎ ፊቱ እንዳይነገር፣ ብቻውን ማውራቱ በሽታ አይደለም፣ ዝም በል ተብሎም እንዳይቆም።

ቪጎትስኪ ሌላም ጠቃሚ ነገር አለው፣ ልጅ ዛሬ በሰው እርዳታ የሚሠራውን ነገር ነገ ብቻውን ይሠራዋል የሚለው። እውነት መናገርም እንደዛው በእርዳታ የሚለመድ ነገር ነው። ያወቅሽውን ነገር አትጠይቂው። ስኳሩ አፉ ላይ እያየሽ «በላህ ወይ?» ማለት የአራት ዓመት ልጅን ለውሸት መጋበዝ ነው፣ «ስኳር በልተሃል፣ አፍህ ላይ አየሁት፣ ና እንጠብ፣ ሁለተኛ ስትፈልግ ጠይቀኝ» በዪው፣ አለቀ። የማታውቂው ነገር ከሆነ ደሞ ከመጠየቅሽ በፊት እውነቱን ሊነግርሽ ቃል እንዲገባ አድርጊ፣ በለሆሳስ፣ ቁጭ ብለሽ በሱ ቁመት፣ ተራ ነገር ይመስላል ግን ቃል መግባት ትንንሽ ልጆች ላይ ውሸትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እውነቱን ሲነግርሽ መጀመሪያ «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል» ይምጣ፣ ስለ ጥፋቱ ከዛ በኋላ ታወራላችሁ። ያጠፋውን አብሮ ያስተካክል፣ የፈሰሰውን ይጥረግ፣ የተሰበረውን አብሮሽ ያንሳ፣ ያ ለዚህ እድሜ በቂ ቅጣት ነው።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ። የእንቁላሉን ተረት የማያውቅ የለም፣ ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲያመጣ እናቱ ዝም አለች፣ ከዛ ዶሮ፣ ከዛ በግ፣ ከዛ በሬ፣ መጨረሻ ሊሰቀል ሲል «እናቴ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ኖሮ» አለ። አማትሽ በዚህ ተረት አንድ ትልቅ ነገር ልክ ናቸው፣ የእናቲቱ ጥፋት ዝም ማለቷ ነው። ልጅ ሲያጠፋ ዝም አይባልም፣ እኔም ዝም በዪ አላልኩሽም። ተረቱ ግን ግረፉት አይልም። ደሞ በሚያስፈራ መጨረሻ ልጅን እውነተኛ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ራሱ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካንግ ሊ፣ ቪክቶሪያ ታልዋርና ባልደረቦቻቸው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የተለያየ ታሪክ አነበቡላቸው፣ ውሸታሙ እረኛ በመጨረሻ ተኩላው የበላው፣ ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመው ፒኖኪዮ፣ እና የአሜሪካው ጆርጅ ዋሽንግተን በልጅነቱ የአባቱን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ «እኔ ነኝ» ሲል አባቱ ስለ እውነቱ ያመሰገነው። ከታሪኩ በፊት ልጆቹ አንድ አሻንጉሊት ዞራችሁ እንዳታዩ ተብለው ብቻቸውን ተትተው ነበር፣ ከታሪኩ በኋላ አይተው እንደሆነ ተጠየቁ። ውሸታሙ የሚቀጣባቸው ሁለቱ ታሪኮች ምንም ለውጥ አላመጡም። እውነት የተናገረው የሚመሰገንበት ግን ብዙ ልጆች ማየታቸውን እንዲያምኑ አደረገ። እንደውም የዋሽንግተኑን ታሪክ መጨረሻ ለውጠው ዋሽቶ እንዲቀጣ ሲያደርጉት ጥቅሙ ጠፋ። ስለዚህ አማትሽን ተረት ይንገሩለት በዪያቸው፣ በጣም ነው የሚጠቅመው፣ ግን እውነት ተናግሮ የተመሰገነ ልጅ ያለበትንም ይጨምሩለት። እንቆቅልሽም ያጫውቱት፣ «ምን አውቅልህ» እየተባለ የሚጫወተው ጨዋታ እኔ የማውቀውን ሌላው አያውቅም የሚለውን ያለ ጥፋት የሚለማመድበት ነው።

ስለ ዱላው ደሞ ያው ታልዋርና ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ከአፍሪካችን የመጣ ጥናት አለ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት ነው፣ አንዱ ልጆችን በዱላ የሚቀጣ፣ ሌላው በተግሳጽና ለብቻ በማስቀመጥ የሚቀጣ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች አሻንጉሊቱን ዞረህ እንዳታይ ተብለው ብቻቸውን ተተዉ፣ በሁለቱም ትምህርት ቤት አብዛኞቹ ዞረው አዩ፣ ልጅ ናቸዋ። ሲጠየቁ ግን ዱላ የሌለበት ትምህርት ቤት ከነበሩት ከግማሽ ትንሽ በለጥ የሚሉት ዋሹ፣ ዱላ ካለበት ከሞላ ጎደል ሁሉም ዋሹ፣ ያውም ውሸታቸውን አጥብቀው መያዝ ችለዋል፣ ከእድሜያቸው በላይ። ዱላው ከጥፋት አላዳናቸውም፣ በውሸት ግን ጎበዝ አደረጋቸው። ቤትሽ ውስጥ ከሞባይሉ ወዲህ «ሁሉንም ነገር ይክዳል» ያልሽው ይሄው ነው።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። «ለአባትህ እንዳትነግር» የምትዪው ነገር ይቁም። ከፍቅርና ከፍርሀት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጅሽ እንዳይገረፍብሽ ነው፣ ማንም እናት ትረዳሻለች። ግን ልጁ ገና አሁን ነው እኔ የማውቀውን ሌላ ሰው ላያውቅ ይችላል የሚለውን ያገኘው፣ አንቺ ደሞ በየሳምንቱ ማን ማወቅ እንዳለበት፣ ከማን እንደሚደበቅ እያሰለጠንሽው ነው። ባለቤትሽ ላይም ሌላ ጉዳት አለው፣ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሆኖ ቤቱ ሲመጣ ሚስቱና ልጁ የሆነ ነገር ይዘው ዝም ያሉበት ቤት ነው የሚገባው፣ እንግዳ የሆነ ነው የሚመስለው። ቀበቶው ላይ ፈጽሞ ተሳስቷል፣ «ደበቃችሁኝ» ያለው ላይ ግን እውነት አለው። ስለዚህ ቀበቶውም መደበቁም በአንድ ጊዜ መቆም አለባቸው። «አንተ ቀበቶውን ተው፣ እኔ የሚሆነውን ሁሉ እነግርሃለሁ» በዪው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ልጆቹ ሲተኙ፣ ራት ከበላ በኋላ፣ አንቺው ራስሽ በአፍሽ ንገሪው እንጂ በልጅቷ አትላኪበት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የቤቱን ኩርፊያ ተሸክማ መመላለስ የለባትም፣ ባልነካችው ሞባይል ስሟ የተነሳውም እሷ ናት፣ ማንም «አንቺ እንዳልሆንሽ እናውቃለን» ያላት አይመስለኝም፣ ንገሯት። ደሞ አንድ ነገር፣ ባለቤትሽ አንቺንም የሚመታ ከሆነ ወይ ልጁ ሰውነት ላይ ምልክት እስኪቀር የሚገርፍ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ አይበቃሽም፣ የምታምኛቸው ቤተሰቦች ይግቡበት፣ ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍልም ለዚህ ነው ያለው።

ለአባቱ፣ ይሄን ካነበበችልህ ወይ ራስህ ካነበብከው፦ ወንድሜ፣ ውሸታም ልጅ አላሳድግም ማለትህ ትክክል ነው፣ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። የምልህ ዘዴው ተቃራኒውን እያመጣብህ ነው ነው። ልጅህ አንተ ስትመጣ ያጠፋውን ራሱ ሮጦ እንዲነግርህ ነው የምትፈልገው አይደል? እንግዲያ መጀመሪያ ሲነግርህ የሚያየው ፊት ነው የሚወስነው። በሚቀጥለው ስትመጣ ጭንህ ላይ አስቀምጠውና ስለ ሞባይሉ አንተ ጀምርለት፣ «በጣም ተናድጄ መታሁህ፣ ሁለተኛ በቀበቶ አልመታህም፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ና ንገረኝ አብረን እናያለን» በለው። ማዕረግህ አይቀንስም። ከዛ በኋላ አንድ ሁለቴ ይፈትንሃል፣ ትንሽ ነገር አጥፍቶ ይነግርሃል፣ ያን ጊዜ ቃልህን ጠብቅ፣ ባይነግርህም ደሞ አትቸኩል፣ የፈራ ልጅ ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል።

ሌሊት የሚሸናውን በተመለከተ፣ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አልፎ አልፎ ቢሸና ችግር አይባልም፣ ያንቺ ልጅ ግን ትቶት ቆይቶ ነው የተመለሰበት፣ ከግርፋቱ ጋር አብሮ ስለመጣ ፍርሀቱ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቢሆንም የሕፃናት ሐኪም ይየው፣ የሽንት ምርመራ ቀላል ነው፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም የስኳር በሽታም እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በተለይ ውሃ በጣም የሚጠማው፣ ሲሸና የሚያመው ወይ የከሳ ከሆነ አትቆዪ ቶሎ ውሰጂው። ማታ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይግባ፣ ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፊ፣ ጠዋት እርጥብ ሆኖ ሲነሳ ልብሱን ቀይሪለትና ወደ ቁርሱ ይሂድ፣ እህቱም አትሳቅበት፣ አባቱ ፊትም አይወራ። ቀበቶው ቆሞ፣ እናንተም መነጋገር ጀምራችሁ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም ካልተወው፣ ወይ ደሞ ትምህርት ቤት አልሄድም፣ አልበላም፣ ማታ እየጮኸ መነሳት ከመጣ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሳይኮሎጂስት ጋ ሁለታችሁም ይዛችሁት ሂዱ፣ አንቺ ብቻሽን አትሂጂ፣ አባቱም ይምጣ።